ጭሱ የወጣለት ከሰል

እንጅባራ ውስጥ ሰው የሚታመመው በብርድ ነው። ሆዱን ቢቆርጠው ብርድ ነው፤ ወገቡን ቢይዘው ብርድ ነው፤ ሚስቱ ብታኮርፈውም ሌሊቱን ብርድ ገብቶባት ነው። ይህን እምነት በግልጽ የሚጠራጠር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ ሁሉን ነገር እጠራጠራለሁ እያልሁ የምኩራራው ሰውዬ፣ ብርድን የምጠራጠረው ካፖርቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነበር።

ስለዚህ እኔና የሚስቴ ወንድም ምንይችል በሙቀት ልንሞት ስንል ማንም አልጠረጠረም። ሐኪም አልጠረጠረም፤ ቄስ አልጠረጠረም፤ ጎረቤት አልጠረጠረም። እኔ ተርፌ ይህን እጽፋለሁ። ምንይችል ግን ገና ወደ ራሱ አልተመለሰም። እንጨት በዓይኑ ለክቶ ይቆርጥ የነበረው ሰው ዛሬ ሸሚዙን ሲቆልፍ አንድ ቁልፍ ይዘላል። አእምሮው ይመለስ አይመለስ ሐኪሞቹም አያውቁም፤ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ያን አየር ዳግመኛ ከተነፈሰ አይመለስም። ይህን ጽሑፍ ለወገኖቼ ትምህርት ይሆን ዘንድ ብዬ ብጀምረው ያምርብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ከንዴቴ ውስጥ ትምህርት የሚያገኝ ካለ ይውሰድ።

ነገሩ የተጀመረው በጠረጴዛ ነው። ምንይችል ከአስፋልቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን በስልኩ ላይ ኢፖክሲ የሚባል ነገር አየ። ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሽ ነው፤ ዋናውና ማድረቂያው። ለየብቻ ሲቀመጡ ምንም አይሆኑም። ተለክተው ሲቀላቀሉ ግን ቀስ እያሉ ይጠነክሩና እንደ መስታወት ይሆናሉ። የዋንዛ ግንድ ተሰንጥቆ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ቀለም የገባበት ኢፖክሲ ሲፈስበት፣ ጠረጴዛው ላይ ወንዝ የሚሄድ ይመስላል። በከተማችን የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠራ አንድ ባለሀብት ይህን አየና፣ "ወንዙ ይቅርና የዘንገናን ሐይቅ አድርግልኝ" አለው። ለእያንዳንዱ ክፍል መሐሉ ላይ ክብ ሐይቅ ያለበት ጠረጴዛ። ሐይቁ ራሱ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ በነጻ ተዘርግቶ ይታያል። ነገር ግን ሰው በነጻ የሚታየውን ነገር ገዝቶ ብርጭቆ ካላስቀመጠበት ያየው አይመስለውም።

ችግሩ ኢፖክሲ የቆላ ፍጥረት መሆኑ ነው። ካልሞቀው አይጠነክርም። በእኛ ክረምት ደግሞ ጭጋጉ ጠዋት ቤት ውስጥ ገብቶ ቁርስ ሊጠይቅ ምንም አይቀረው። ያፈሰስነው ሐይቅ በማግሥቱም በሠልስቱም እንደ ማር ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ላዩ ላይም እንደ ቅባት ያለ ነገር ያወጣል።

"ዘንገና እንዲህ ደፍርሶ አያውቅም" አልሁት።

"አያ ስማቸው፣ አትቀልድ። ይኸ ነገር ሙቀት ነው የሚሻው። እስኪ መመሪያውን አንብብልኝ።"

አነበብሁለት። መመሪያው ሁለት ነገር ያዛል፤ ክፍሉ ይሙቅ ይላል፤ አየርም ይዘዋወርበት ይላል። እንጅባራ ውስጥ እነዚህ ሁለት ትእዛዞች አብረው አያድሩም። አየሩን ስታስገባ ሙቀቱ ይወጣል፤ ሙቀቱን ስትይዝ አየሩ ይቀራል። ምንይችል ትንሽ አሰበና፣ "አየር ያለው ለሽታው ነው። ለሽታው ማስክ አለን" አለ። ማስኩ የኮሮና ጊዜ ትራፊ ነው። ክርክሩ ደግሞ እንከን አልነበረውም። ብዙ ያነበበ ሰው ክፉ ልማዱ እንከን የሌለው ክርክር ሲሰማ ማመኑ ነው።

በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሞክረን ነበር። መብራት ሲኖር መጋዙና ማሞቂያው አብረው አይሠሩም፤ ብሬከሩ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም አይሠሩም። የቀረው ከሰል ነው።

ከሰል በሚስቴ ቤተሰብ ዘንድ ሸቀጥ ብቻ አይደለም። አማቴ እማማ ጥሩ የሚኖሩት አዲስ ቅዳም ነው። በዚያ አገር ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ይተክላል፤ ሲደርስ ቆርጦ ያከስላል፤ ከሰሉም በጭነት መኪና ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል። እማማ ጥሩ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ ሚስቴን እናትነሽን ያስተማሩት፣ ለምንይችል የመጀመሪያውን መጋዝ የገዙለት በከሰል ነው። በዚያ ቤት ከሰልን መክሰስ እናትን እንደ መክሰስ ነው። ልጃቸው ሙቀት አጣሁ ሲላቸው በማዳበሪያ አስጭነው ላኩለት፤ ምርጡን፣ ሲመቱት እንደ ብረት የሚጮኸውን።

ከሰል የሚቀጣጠልበት ደንብ አለ፤ እኔም ከእናቴ ቤት ጀምሮ የማውቀው ነው። ምድጃው ደጅ ይወጣል። ከሰሉ ይቀጣጠላል፤ ይጨሳል፤ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲቀላ፣ "ጭሱ ወጥቶለታል" ይባልና ወደ ቤት ይገባል። ጥቁር ከሰል ይዞ ቤት የሚገባ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ይታያል። ቀይ ፍም ይዞ የሚገባው ግን ጠንቃቃ ነው፤ ይመረቃል። ከሰል የሚገድለው በጭሱ ነው ተብለን አድገናል፤ ጭስ ከሌለ ገዳይም የለም። ምንይችል በዚህ ደንብ ላይ ቀልድ አያውቅም። ዝናብ እየመታው ደጅ ቆሞ ፍሙን ያራግባል፤ አንዲት ጥቁር ፍንጣሪ ብትቀር አያስገባም። ጠንቃቃ ሰው ነበር። የጎዳን ጥንቃቄያችን ነው፤ ግዴለሾች ብንሆን ኖሮ ጭሱ አስነጥሶ ያስወጣን ነበር።

መስኮቱንና የቆርቆሮውን ቀዳዳ ሁሉ በላስቲክ ሸፈነ። በሩን ከውስጥ በወፍራም ሸራ ጋረደው። ከጠረጴዛው ራስና ግርጌ አንድ አንድ ምድጃ አስቀመጠ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ክረምቱን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጊዜ ሳገኝ ለመጽሔት መጣጥፍ እጽፋለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ግን ጣቴ ከብርድ የተነሳ ብዕር አይጨብጥም። ከከተማው ሞቃቱ ክፍል የምንይችል ሥራ ቤት መሆኑን ሳይ ወንበሬንና መጻሕፍቴን ይዤ ገባሁ። እሱ ሲቀላቅል ልኬቱን አነብለታለሁ፤ እሱ ሲልግ እኔ እጽፋለሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጥ ፍሙ ያለ ጭስ፣ ያለ ድምፅ ይቀላል። በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸኝ ወራት ጥቂት ነው።

ሕመሙ እንደ ጠባብ ቆብ መጣ። ከሰዓት በኋላ ግንባሬን ጭምቅ አድርጎ ይይዘኛል። ቀጥሎ ያቅለሸልሸኛል፤ ጉልበቴ የሰው ጉልበት ይሆንብኛል። ይህን እንኳ እችለው ነበር። ያስፈራኝ ንባቡ ነው። አንዱን ገጽ አነብና ስገልጥ ያነበብሁት የለም፤ ተመልሼ አነበዋለሁ፤ አሁንም የለም። ቃላትም ይጠፉኝ ጀመር። አንድ ቀን ይሉኝታ የሚለው ቃል ጠፋኝ። ነገሩ ራሱ ከአገራችን ከጠፋ ቆይቷል፤ ቃሉ ግን እስከዚያ ቀን ነበረኝ።

"አያ፣ አንተንም ራስህን ያምሃል?" አለኝ ምንይችል፣ ግንባሩን በመዳፉ ጫን ብሎ።

"እኔስ ሳነብ ስለምውል ነው። አንተ ምን አንብበህ ነው?"

"የአንተን ፊት። እሱንም ሲያነቡት ውሎ ራስ ያዞራል።"

ሳቅን። የሁለት ሰው ራስ በአንድ ሰዓት መታመሙ አላስገረመንም። አንድ ቤት የዋልን ሰዎች አንድ ብርድ መታን፤ ምን ይገርማል? ምንይችል ተነሥቶ በበሩ ሥር የቀረውን ክፍተት በጨርቅ ወተፈ፤ ፍምም ጨመረ።

መጀመሪያ የሄድሁት እዚያው ከተማችን ካለ የግል ክሊኒክ ነው። ጠባብ ኮሪደር፣ ሁለት አግዳሚ፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የሁላችንንም ሕመም በየተራ ጠየቁና ለሁላችንም መድኃኒት አዘዙ። በዚያ ክረምት ካገኘኋቸው ሐኪሞች ሁሉ በሽተኛውን አስጨርሰው ያዳመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። "ብርድ ነው ልጄ። ፍም አስጠጋና ተከናንበህ ተኛ" አሉኝ። ከልባቸው ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ አልኋቸው።

ውስጥ የክሊኒኩ ሰዎች ደሜን ወሰዱ። ውጤቱ ታይፎይድ ነው፤ ታይፈስም አለ። እነዚህ ሁለቱ በአገራችን እንደ ጨውና በርበሬ ካንድ ሰሃን ነው የሚቀርቡት። ጣቴ ላይም የምትቆነጥጥ ትንሽ መሣሪያ ሰኩልኝና፣ "ደምህ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሙሉ ነው፤ እንደ ጎረምሳ ነው የምትተነፍሰው" አሉኝ። ኪኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጥሁ። ራሴን አላዳነውም፤ ሆዴን ግን አጠፋው።

ስለዚህ ለሆዴ ዳንግላ ሄድሁ፤ እዚያ ጎበዝ የሆድ ሐኪም አለ ተብዬ። ከሚኒባሱ ወርጄ ጋሪ ያዝሁ። ፈረሱ ሶምሶማ ሲጀምር ነፋሱ ፊቴን መታኝና ራሴ ቅልል አለኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ባለጋሪው ዞሮ አየኝ።

"ጋሼ፣ ይሸፈኑ እንጂ! ብርድ ይመታዎታል።"

ተሸፈንሁ።

የዳንግላው ሐኪም የጨጓራ ባክቴሪያ አገኘብኝ። ጨጓራዬ ቃል እንዴት እንደሚያስረሳኝ ስጠይቀው፣ "ሁሉም ነገር ከጨጓራ ጋር ይያያዛል" አለኝ፤ እንደ ፈላስፋ። ሌላ ኪኒን። ከእሱ ቀጥሎ ያየኝ ሦስተኛው ሐኪም መጻሕፍቴን ከሰሰ።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"አስተምራለሁ። እጽፋለሁም።"

"ብዙ ያነባሉ?"

"አነብ ነበር።"

"በቃ፣ ጭንቀት ነው። ንባቡን ይቀንሱት።"

ሐኪሞቹን ሁሉ ሞኝ ናቸው ለማለት አይደለም። እያንዳንዱ የሚያውቀውን በሽታ ፈለገ፤ አገኘም። የፈለጉትን ነገር እስኪያገኙ ድረስ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ቀኑን የት ነው የምትውለው ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም፤ እኔም አልነገርኋቸው። ሞቆኝ የምውልበትን አንድ ቦታ ለምን ከበሽታ ጋር አነሣዋለሁ?

ቤታችንም መረረ። እናትነሽ ለመስከረም ያስቀመጠችው ገንዘብ በሙሉ በላብራቶሪ አለቀ። ወንድሟም እንደኔው ታይፎይድ ተብሎ ተመልሷል። አንድ ቀን እራት ላይ፣ "የእናንተ ታይፎይድ ተቀጣጥሮ ነው የሚመጣው? ጠዋት ደኅና ናችሁ፣ ማታ ማታ ተሸክማችሁት ትገባላችሁ" አለችን። ፌዝ መስሎን ተቆጣናት። አማቴ ደግሞ በስልክ፣ ነገሩ የሰው ዓይን ነው፤ ልጃቸው የሠራው ሐይቅ ከተማውን አስቀንቷል አሉ። እኔ ሌሊት ስነቃ የተማሪዎቼን ስም በልቤ እጠራለሁ፤ ያልጠፉኝን ለማወቅ። ፊታቸው ይመጣል፤ ስማቸው አይመጣም።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ምንይችል በፍልሰታ ሥራ አይነካም። ቤቱን ቆልፎ ቁርባንና ጸበል ላይ ይከርማል። እኔ ወደ በረዶ ቤቴ ተመለስሁ፤ ዳቦና ሽሮ እየበላሁ፣ ጣቴን እያሻሸሁ ተቀመጥሁ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የራሴ ሕመም ለቀቀኝ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ አንብቤ ለእናትነሽ በቃሌ ተረክሁላት። ሳልጨርስ አለቀሰች። ምንይችልም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ዓይኑ በርቶ ነበር።

የምን ፈውስ እንደሆነ ክርክር ተነሣ። አማቴ ጸበሉ ነው አሉ። የዳንግላው ሐኪም በስልክ፣ መድኃኒቱ ሥራውን የሚጀምረው ቆይቶ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ከሁሉም የበለጥሁ አዋቂ ነኝና ቅባት መተዌ ነው አልሁ፤ ስለ ጾም የምግብ ጥቅምም መጣጥፍ ጀመርሁ። ሁላችንም ማስረጃ ነበረን። ማስረጃ ያጣ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም፤ እውነቱን ያገኘ ሰውም አልነበረም።

ጾሙ ሲፈታ ባለሀብቱ መጣ። ትልቁ ጠረጴዛ፣ የእንግዳ መቀበያው፣ ለምርቃቱ መድረስ አለበት አለ። ዝናቡ ገና አላባራም። ምንይችል ላስቲኩን አደሰ፤ ትልቅ ሐይቅ ነውና ሦስተኛ ምድጃ ጨመረ። እኔም መጣጥፌን ይዤ ገባሁ።

የሆነው በቀትር ነው። ማስክ አድርገን ቀላቅለን አፈሰስን። ሰማያዊው ፈሳሽ ቀስ ብሎ ወደ ዳሩ ሲሄድ እያየሁ ተቀመጥሁ። ምንይችል ከጠረጴዛው ማዶ ተንበርክኮ ፈሳሹ ላይ የወጡትን አረፋዎች ያያል። ከዚያ ግንባሩን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ፊቱ ቀልቶ፣ ወዝቶ፣ ከመቼውም የበለጠ ጤነኛ መስሎ ነበር። "ተነሥ፣ ፀጉርህ ይጣበቃል" ልለው አሰብሁ። ሐሳቡ መጣ፤ አፌ ግን አልተንቀሳቀሰም። ራሴ ልነሣ አሰብሁ፤ እሱም ያን ያህል አስፈላጊ መስሎ አልታየኝም። ሞት እንዲህ ደልዳላ፣ እንዲህ ሰነፍ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። አይቸኩልም፤ አያሳምምም። ምንም ነገር አያስቸኩልም ብሎ ያሳምንሃል እንጂ።

እናትነሽ ምሳ ይዛ መጣች። "እናንተ! ተኛችሁ እንዴ?" ስትል ሰማኋት ይመስለኛል። ሸራውን ስባ ቀደደችው፤ እየጮኸች እኔን በብብቴ፣ ወንድሟን በእግሩ ጎትታ ደጅ ጭቃ ላይ ጣለችን። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ውኃ ደፋብኝ፤ ሌላው፣ "ክብሪት አሽቱት! ክብሪት አሽቱት!" ይላል፤ ለወደቀ ሰው የሚደረገው ያ ነዋ። ጭንቅላታችን የሚለምነው አየር ነው፤ እነሱ አፍንጫችን ሥር እሳት ይጭራሉ። በሁለት ባጃጅ ጭነው ሆስፒታል ወሰዱን።

እዚያ ተረኛዋ ወጣት ሐኪም ነበረች፤ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ። የኢፖክሲው ሽታ ከልብሳችን ይወጣልና ሁሉም ሰው ወደዚያ ጣቱን ይቀስራል። "መርዝ ነው ዶክተር! ያ ፈሳሽ ነው!" እሷ ግን ያን ሁሉ ክረምት ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች።

"ክፍሉ በምንድን ነው የሚሞቀው?"

"በከሰል" አለች እናትነሽ። ወዲያው የእናቷ ልጅ ሆነችና፣ "ግን ጭሱ የወጣለት ነው" አለች።

"ጭሱ ቢኖር ኖሮማ አስሏቸው ይወጡ ነበር" አለች ሐኪሟ፤ የኦክስጅኑን ጭምብል ፊቴ ላይ እያሠረች።

በኋላ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ከሰል በበቂ አየር ሳይነድ ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ከጭሱም ጋር አብሮ አይወጣም። ፍሙ ቀይ ሆኖ ሲያምርም ይወጣል፤ አመዱ ሲሸፍነውም ይወጣል። ደማችን ኦክስጅንን በሚሸከምበት ወንበር ላይ ቀድሞ ይቀመጣል፤ ተነሥ ቢሉት አይነሣም። ያቺ ጣት የምትቆነጥጥ መሣሪያ ደግሞ ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደተቀመጠበት አትለይም። ለዚህ ነው ደሜ በመርዝ ተሞልቶ ሳለ እንደ ጎረምሳ የተነፈስሁት። ማስኩም ለዚህ ጋዝ እንደ ወንፊት ነው።

የኦክስጅኑ ሲሊንደር ለክፍሉ በሽተኞች ሁሉ በተራ ነበር። ከአጠገባችን የተኛ የልብ ሕመምተኛን የምታስታምም ሴት፣ ተራችን ሲደርስ ቧንቧውን ራሷ ታቀብለናለች፤ "ለኛ ለጊዜው ይበቃናል" እያለች። በዚያ ክረምት ካየሁት ሁሉ መራራ ያልሆነውን ጻፍ ብባል እሱን እጽፋለሁ። ሌላ ብዙ አላገኝም።

እኔ ቀስ እያልሁ ዳንሁ። ቃላቱ አንድ አንድ እያሉ ተመለሱ። ምንይችልም የዳነ መሰለን። ወጣ፤ ሥራ ጀመረ፤ ቀለደም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን አንድ ቀን ሜትሩን ዘርግቶ በእጁ እንደያዘ ቆሞ አገኘሁት። "ምን ልለካ ነበር?" አለኝ። በማግሥቱ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ጠፋበት። አረማመዱ አጠረ፤ ንግግሩ ቀዘቀዘ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ። ባሕር ዳር ወሰድነው፤ ጭንቅላቱ በማሽን ታየ። ይህ ጋዝ አንዳንዱን ሰው ለቅቆት ከሄደ በኋላ ተመልሶ እንደሚጎዳው ነገሩን። ጊዜ ይወስዳል፤ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። "ጭንቅላቱ አሁን ሌላ ጉዳት የሚሸከም አይደለም። የከሰል አየር እንዳይደርስበት" ብለው አስጠነቀቁን። እኔም ለአማቴ፣ ለእናትነሽ፣ ለወንድሞቿ አንድ በአንድ ነገርሁ። ሁሉም እሺ አሉ። እሺ በእኛ አገር የሰሙትን መቀበል ማለት አይደለም፤ ወሬው ይብቃ ማለት ነው።

ከተማው ከዚህ ሁሉ ምን ተማረ? ኢፖክሲ መርዝ ነው! የሚሸተው እሱ ነዋ። ሁለት እንጨት ሠሪዎች ያላቸውን ኢፖክሲ አውጥተው ጣሉ፤ ያንኑ ቀን ምድጃቸውን አቀጣጥለው በራቸውን ዘግተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ባለሀብቱ ጠረጴዛዎቹን ወሰደና፣ "ሽታው ሙሉ በሙሉ ለቋል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ከአንደኛው ሥራ ቤት ገብቼ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር።

"መምህር፣ የኛ እኮ ጭሱ የወጣለት ነው" አለኝ ሰውዬው፤ እንደ ሕፃን እያባበለኝ።

እንግዲህ ለሚሰማ ሰው ልናገር። ኢፖክሲም ቢሆን ጓንትና ክፍት መስኮት ይፈልጋል፤ ቆዳንና ሳንባን ይጎዳል፤ ንጹሕ ነው አላልሁም። ነገር ግን ለእሱ ብላችሁ እሳት የተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ክፍሉን ማሞቅ አያስፈልግም፤ ዕቃውን አሙቁት። ጠርሙሱን ክዳኑን እንደዘጋችሁ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሙት። እንጨቱን ፀሐይ ባለበት ሰዓት አውጡት፤ ቀትር ላይ አፍስሱ። መብራት ካለ ጠረጴዛውን በሳጥን ከድናችሁ በኤሌክትሪክ አሙቁትና እናንተ ውጡ። ምድጃ የግድ ከሆነ ጭሱም ጋዙም በቧንቧ ጣሪያ አልፎ የሚወጣለት ይሁን፤ መስኮትም ይከፈት። ካልሆነ በጋውን ጠብቁ። ጠረጴዛ በማጣት የሞተ ሰው የለም። አንድ ክፍል ውስጥ የዋሉ ሁለት ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ደጅ ሲወጡም ከለቀቃቸው፣ ክሊኒክ ከመሄዳቸው በፊት ያን በር ይክፈቱ።

ምንይችልን አሁን የሚያስታምሙት እናቱ ናቸው፤ አዲስ ቅዳም። ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው በሚኒባስ ሄድሁ። እማማ ጥሩ ግቢው በር ላይ ተቀብለው ሦስቴ ሳሙኝ። የተኛበት ክፍል በር ተዘግቷል። ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን ዳሰሰኝ። መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል፤ ከአልጋው ግርጌ ምድጃ ተቀምጧል፤ ፍሙ ቀይ፣ ያማረ፣ ጭስ የሚባል የለውም። ምንይችል አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ዘርግቶ ይሞቃል።

ምድጃውን በጆሮው ያዝሁና እያቃጠለኝ ይዤው ወጣሁ። ግቢው መሐል አስቀምጬ ተመለስሁ፤ ካርቶኑን ገንጥዬ መስኮቱን ከፈትሁ።

"ምን እያደረግህ ነው ልጄ?" አሉ እማማ ጥሩ።

"እማማ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ። ሐኪሞቹ ያሉትን ነግሬዎት ነበር።"

"ጭሱን አስወጥቼ ነው ያስገባሁት! እኔ ነኝ ከሰል የማላውቀው? ስድስት ልጅ በከሰል አሳድጌ አንዱ ራሴን አላለኝም። ያንተን ሰማያዊ መርዝ ቀምሶ የመጣውን ልጄን አሁን በብርድ ልትጨርስብኝ ነው?"

ስድስቱ ልጆች የእንጨት ግድግዳና የሣር ክዳን ባለው ቤት አድገዋል፤ በየስንጥቁ ነፋስ ይገባ ነበር። ይህ ቤት ግን በልጆቻቸው እጅ በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ አየር የሚገባበት የለም። ድህነታቸው ያተረፈላቸውን ልጅ ምቾታቸው ሊገድለው ነው። ይህን እንዴት አድርጌ እነግራቸዋለሁ? ወደ ልጃቸው ዞሩና በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቁት። ምንይችል ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኑ እኔን እስኪያገኝ ጊዜ ወሰደበት።

"አያ" አለኝ፣ "በርዶኛል።"

እማማ ጥሩ አዩኝ። ሌላ ምስክር አያስፈልጋቸውም። ወደ ግቢው፣ ወደ ምድጃው ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ እኔ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሰማዩ፤ ለመምሸት ምን ያህል እንደቀረው ለማየት። እንግዳ መሄዱ አይቀርም፤ ምድጃውም መመለሱ። በርጩማ ስቤ በሩ መሐል፣ መዝጊያው እንዳይዘጋ አድርጌ ተቀመጥሁ፤ ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ። እሳቸው ሁለት ጋቢ አውጥተው ልጃቸውን ጠቀለሉት። ለእኔ አላመጡልኝም። ፍሙ ግቢው ላይ እየቀላ ቆየ፤ አልጠፋ አለ።

ሲመሽ ከመንገዱ የመጨረሻው ሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ። ረዳቱ እንጅባራ፣ እንጅባራ ይላል።

"መኪናው ሊሄድብህ ነው" አሉኝ እማማ ጥሩ።

"ይሂድ" አልኋቸው።